የማይሞተው ሰሚ

አፈር አድማጩ ማሽን ስድስት እግሮቹን አሸዋው ውስጥ ተክሎ ከቆመ ሰንብቷል፤ ፍየሎቹም ለምደውት በጥላው ሥር ተኝተው ያመሰኳሉ። ናሪሞ ሆዱ ላይ ያለውን ክዳን ከፍታ አቧራውን ጠረገች። የዚህ ማሽን ሥራ ወደ ምድር ውስጥ ድምፅ መላክ ነው። ከሚመለስለት ማሚቶ ሰው ያነደደውን እሳት አመድ፣ የረገጠውን ወለል፣ የቀበረውን አጥንት ይለያል። ሰው ኖሮበታል ያለው መሬት ለነዋሪው ይጸናል፤ ባዶ ነው ያለው ይወሰዳል። ምስክርና ጠበቃ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል።

ከወንዙ ማዶ ሰው አልባ ማረሻዎች ተሰልፈዋል። ሞተራቸው አይጠፋም። አድማጩ «ባዶ» ካለ በማግስቱ ይሻገራሉ።

ችግሩ የዚህ መሬት ነዋሪዎች ሉማሬዎች ዱካ የማይተዉ ሕዝብ መሆናቸው ነው። ሰው ሲሞትባቸው አስከሬኑን ለወንዙ ይሰጣሉ፤ የምድጃውን አመድ ዝቀው ይበትናሉ፤ የጎጆውን ወለል ቆፍረው ያለሰልሳሉ። ከዚያ ወዲያ «እዚህ ሰው ሞቷል» ብሎ ቦታውን የሚያመለክት የለም። ተሳስቶ ያመለከተ ካለ፣ የሰሙት ሁሉ ሞተው እስኪያልቁ ድረስ እዚያ ማንም አያድርም፣ ማንም አይዘራም።

ናሪሞ ይህን ታውቃለች፤ የተወለደችው እዚሁ ነው። ግን በልጅነቷ ባሕር ማዶ ተልካ እዚያ ተምራ አደገች። አሁን የማሽኑ ባለሙያ ሆና ተመልሳለች፤ የገዛ ቋንቋዋን እንደ እንግዳ ስለምትናገር የአጎቷ ልጆች አነጋገሯን እየቀዱ ይስቁባታል። መመለሷ ልክ ይሁን አይሁን እሷም እርግጠኛ አይደለችም።

የዚያን ጠዋት ማሽኑ «ስህተት» ብሎ ቆመ። ናሪሞ ምስሉን ስታይ ግራ ገባት። ሰው ረግጦት የማያውቅ ጫካ እንኳ መብረቅ ያቃጥለዋል፣ አመዱም በአፈሩ ውስጥ እንደ ንጣፍ ይቀራል። እዚህ ግን ንጣፉ ብል እንደበላው ጨርቅ ክብ ክብ ሆኖ ተበሳስቷል። ምድር ራሷን እንዲህ አታጸዳም። ያጸዳት የሰው እጅ ነው። ናሪሞ ማሽኑ እያንዳንዱን ቀዳዳ ሰው ሞቶበት የጸዳ ቦታ አድርጎ እንዲቆጥር አስተማረችው፤ ካርታው ከወንዙ እስከ ኮረብታው ግርጌ በነጥብ ተሞላ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ውጤቱ የሚጸናው እዚያው ቦታ ላይ፣ በባለጉዳዮቹ ቋንቋ ሲነበብ ነው፤ ማሽኑም እያንዳንዱን ቦታ በብርሃን ያመለክታል። ይህ ሕግ ለሕዝቡ መብት የቆሙ ሰዎች ብዙ ታግለው ያስገቡት ነበር።

አጎቷ ጋርሾ ሮቃው ዛፍ ሥር ከእንጨት በተጠረበች በርኩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ቦታዎቹን ያሳያል?» አሉ።

«ያሳያል፣ አጎቴ። ስም ግን አይጠራም።»

«ሁሉንም ያሳያል?»

«ሁሉንም።»

ጋርሾ ሳቅ አሉ። «ማረሻው ከመጣ ያባርረናል። ይሄኛው ከተናገረ ደግሞ በገዛ እግራችን እንሄዳለን። ጥሩ ምርጫ ይዘሽልን መጣሽ።»

በተማረችበት አገር ሰው መቃብር ላይ ፎቅ ሠርቶ እንደሚኖር፣ ምንም እንዳልሆነ ነገረቻቸው።

«ምንም ያልሆኑ ይመስሉሻል?» አሉ። ግን አልከለከሏትም።

ይለምዱታል ስትል አሰበች። መሬት ከጠፋ አይመለስም፤ ልማድ ግን ይላላል። ቁልፉን ተጫነችው።

ድምፁ የሚያምር የሉማሬ ድምፅ ነበር፤ ከእሷ የጠራ። ብርሃኑ መሰብሰቢያው ላይ አረፈ። «እዚህ ሰው ሞቷል።» ማሽላው መሃል። «እዚህም።» ልጆቹ የሚተኙበት ጎጆ በር ላይ። እናቶች መጀመሪያ የልጆቻቸውን ጆሮ ደፈኑ፤ በኋላ እሱንም ተዉት። የጮኸ የለም። ብርሃኑ ኮረብታው ግርጌ ሳይደርስ ግማሹ ሰው የጎጆውን እንጨት መንቀል ጀምሮ ነበር።

የይዞታው ማረጋገጫ ወዲያው መጣ። መሬቱ ለዘለዓለም የሉማሬዎች ነው፤ አይሸጥም፣ አይወሰድም። ከማዶ ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ናሪሞ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ጋርሾ በርኩማቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ሲያልፉ መንገዳቸው ላይ ቆመች።

«የእኛ ሆኗል እኮ። የሰማነው ሁሉ ስንሞት የልጅ ልጆቻችሁ ይመለሱበታል።»

ጋርሾ ማሽኑን ከእግሩ እስከ አናቱ አዩት።

«ይሄም ሰምቷል» አሉ። «መቼ ነው የሚሞተው?»

ናሪሞ ወደ ማሽኑ ሮጣ ክዳኑን ከፈተች፤ የሰማኸውን እርሳ አለችው።

«የሰማሁት በየከተማው መዝገብ ቤት ተገልብጧል» አለ። «ከሁሉም ላጠፋው እችላለሁ። ያኔ ማስረጃ ስለማይኖር መሬቱ ባዶ ይባላል። ልርሳው?»

ቀና ስትል አጎቷ ርቀዋል። ሰዎቹ በአንድ መስመር ኮረብታውን ይወጡ ነበር፤ ዞሮ ያየ አልነበረም። ከማዶ የማረሻዎቹ ሞተር ገና አልቀዘቀዘም።

«ልርሳው?» አለ ማሽኑ እንደገና፣ በእናቷ ቋንቋ፣ እሷ በማትችለው ለዛ።