የሐኪሙ ቢጫ ምልክት

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ሲከፈት የጠፋው አንድ ካርቶን ብቻ ነበር።

ሌባ መቼም የሚያዋጣውን ያውቃል። ይኼኛው ግን ወይ ምንም አያውቅም፣ ወይ ከሁላችንም በላይ ያውቃል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ከነባትሪው መሬት ላይ ተቀምጧል። የድሮው ሞተር በሰንሰለት እንደተንጠለጠለ ነው። የእንጨቱ መሪ፣ የፊት መብራቶቹ፣ የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሚሞቱለት ሬዲዮ፣ ሁሉም መደርደሪያው ላይ አሉ። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ያረጀ የፍሬን ፓምፕ ነው። አሮጌ ብረት ገዢ እንኳ ፊቱን አዙሮ ነው የሚመዝነው።

መርማሪዋ መኪና አትወድም። ሥራ የምትመጣውም በአውቶቡስ ነው። ፓምፑ ምን እንደሚሠራ የጋራዡን ባለቤት ጠየቀችው። ሰውየው ጎልማሳና ትዕግስተኛ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ፓምፑ መሆኑን፣ በውስጡም ጎሚኒ የሚባሉ ትናንሽ የላስቲክ ክቦች እንዳሉ አስረዳት። ጎሚኒው ካልያዘ ዘይቱ ይሾልካል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም።

«የአባቴም አልቆመም» አለች ባለመኪናዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አባቷ አሁን ጋራዡ ውስጥ በቆመችው አሮጌ መኪና ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን እምቢ አላቸው። ግንብ ገጭተው እዚያው ሞቱ። ከሦስት ሳምንት በፊት ፍሬኑን የሠሩት የልጅነት ወዳጃቸው ነበሩ፤ መኪና ጆሯቸውን አስጠግተው ስለሚመረምሩ ከተማው በሙሉ «ሐኪሙ» ይላቸዋል። ትራፊክ ፖሊስ ወለል የነካውን ፔዳል አየ፣ የሐኪሙን ደረሰኝ አየ፣ ፋይሉን ዘጋ። ፓምፑን ከፍቶ ያየ ሰው የለም። ሐኪሙ ፈቃዳቸው ተነጠቀ፣ ጋራዣቸውም ተዘጋ። በቀብሩ ዕለት ሬሳ ሊሸከሙ እጃቸውን ሲዘረጉ ልጅቷ በሰው ፊት «አይንኩት!» ብላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ሐኪሙ ብሎ የጠራቸው የለም።

መኪናዋን መሸጥ አንጀቷ አልቻለም። እንደነበረች መንዳትም አልሆነላትም። ስለዚህ የመኪናዋን አካል ሳትነካ ሆዷን ልትቀይር ወሰነች፤ አዲስ ሞተር፣ አዲስ ፍሬን፣ የደህንነት ቀበቶ። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ይህን ሲሰማ ያዙኝ ልቀቁኝ አለ። አንዱ «አባትሽን ደግመሽ ገደልሽው» ብሎ ጻፈላት። አንድ ባልና ሚስት በዚሁ ጉዳይ ምሳ ላይ ተኳርፈው ሳምንት ሳይነጋገሩ ቆዩ። በስብሰባ ላይ ከሁሉም በላይ የጮኸው ሌላው ደግሞ ዘወር ብሎ፣ «ለመሆኑ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?» ሲል ጠይቋታል።

ቅዳሜ ዕለት አምስት አባላት ሊለምኗት ጋራዡ ድረስ መጡ። የተናገሩት ሊቀመንበሩ ነበሩ፤ ከአባቷ ጋር አርባ ዓመት የተወዳጁ፣ እሷንም አዝለው ያሳደጉ ሰው። አልሰማቻቸውም። ይልቁንም ካርቶኑን አሳየቻቸው።

«ሰኞ ይኼን ፓምፕ አስከፍታለሁ። ሐኪሙ ምን እንደረሱ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ» አለች።

ሰኞ ደረሰ፣ ፓምፑ የለም። የኋላው መስኮት መቀርቀሪያ ከውስጥ ተከፍቶ ተገኘ። ከአምስቱ አንዱ ቅዳሜ ከፍቶት ሄዶ እሁድ ተመልሷል ማለት ነው።

መርማሪዋ ከአምስቱ አንዱ ከሆነው፣ «ደግመሽ ገደልሽው» ብሎ ከጻፈው ሰው ጀመረች። ሰውየው የተከፋው በመጠርጠሩ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሞተር ተንጠልጥሎ እያለ ፓምፕ ይሰርቃል ተብሎ መታሰቡ ነው ያስቆጣው። ለማንኛውም እሁድን ሙሉ የእህቱን ልጅ ሲድር ነበር፤ ሰባ ሰው አይቶታል።

«ምን ያደክምሻል?» አለቻት ባለመኪናዋ። «ፓምፑ ሲከፈት የሚያፍረው ማን ነው? ቅዳሜ የተናገርኩትን ከተማው ሰምቷል። መስኮት የሚከፍትላቸው ወዳጅም አያጡም። ወደ ሐኪሙ ሂጂ።»

ሐኪሙ አሁን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣሉ። መርማሪዋ ቆርቆሮ በለበሰች ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘቻቸው።

«እሁድ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከማለዳ እስከ ማታ።»

«የፍሬን ፓምፑ ተሰርቋል።»

ሽማግሌው በርጩማቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እሷን ማየት ትተው እጃቸውን አዩ።

«እንግዲያው አለቀልኝ» አሉ። «ፓምፑ ይከፈትልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ማታ ማታ ሚስቴ ስቆጥር ትሰማኛለች። ጎሚኒ፣ ሞላ፣ ቀለበት፣ ቡሎን። እንደገና ከጎሚኒ። ምን ረሳሁ ልጄ? እሱን ሳላውቅ ልሞት ነው?»

መርማሪዋ ብዙ ሌባ ሲያለቅስ አይታለች። እኚህ ሰው አላለቀሱም። ሥራቸውን ከአንድ እስከ አሥር እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ነገሯት። መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር መስሏቸው፣ ያጠበቁትን ቡሎን ሁሉ ቢጫ ቀለም እንደሚያሰምሩበት አነሱ። ከቡሎኑ ራስ እስከ ፓምፑ አካል አንድ ቀጭን መስመር። ማንም ቡሎኑን ካዞረው መስመሩ አይገጥምም። ራሳቸው ቢፈቱት ደግሞ መልሰው ይቀቡታል። ቀለሟና ብሩሿ ከኪሳቸው ተለይተው አያውቁም ነበር።

የጋራዡ ባለቤት እንደ ዘመኑ ሰው ማንኛውንም ነገር ሳይፈታ በስልኩ ያነሳል። መርማሪዋ የፓምፑን ፎቶ አስከፍታ አሰፋችው። ቢጫው መስመር አለ፤ ግን ተሰብሯል። በፓምፑ ላይ ያለው ወደ ቀኝ፣ በቡሎኑ ራስ ላይ ያለው ወደ ታች። ከሐኪሙ በኋላ ሌላ እጅ ገብቷል።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ምን እንደነበረ ባለመኪናዋን ጠየቀቻት። ምንም፤ የማኅበሩ ውድድር ብቻ። አባቷ እንደ ፋብሪካ አወጣጧ በቆየች መኪና አንደኛ ወጥተው ዋንጫ ወስደዋል። ደስታቸውን ሳይጨርሱ ሞቱ።

ዋንጫው ማኅበሩ ቢሮ፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ መርማሪዋን በአክብሮት ተቀበሏት፤ ወንበር አቀረቡላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ከዋንጫው አጠገብ ያለችውን የወየበች ትንሽ የወረቀት ሳጥን ታይ ነበር። የፋብሪካ ማህተም አላት፤ ከአርባ ዓመት በፊት የታሸገች። ሥሯ ላይ በእጅ ጽሑፍ «የመጨረሻዋ ነጥብ» ይላል።

«ምን ነበረባት?»

«ጎሚኒ» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ጎሚኒው የት ሄደ?»

ሊቀመንበሩ ወንበሩን ለእሷ እንዳቀረቡላት ረስተው ራሳቸው ተቀመጡበት። ከዚያ በኋላ ማስቆም አልተቻለም። ሟቹ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ጎድሏቸው ነበር። ዳኞቹ ሐኪሙ ያስገቡትን አዲስ ጎሚኒ በደረሰኙ አይተው ነጥብ እንደሚቀንሱ ተነግሯቸዋል። ሊቀመንበሩ ደግሞ ያቺን እሽግ እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠብቀው ኖረዋል። ከውድድሩ በፊት አንድ እሁድ ጠዋት በወዳጃቸው ግቢ አዲሱን አውጥተው የታሸገውን የፋብሪካ ጎሚኒ አስገቡት። ለሐኪሙ አንናገርም፣ ይቆጣል ተባባሉ። ሟቹ ራሳቸው እየሳቁ ቁልፍ ያቀብሉ ነበር።

«ላስቲክ ሳይሠራበትም እንደሚያረጅ አጣሁት? አላጣሁትም» አሉ። «ታሽጎ ሳየው ግን አዲስ መሰለኝ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉ?»

«የመጀመሪያው ቀን ፈራሁ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ሐኪሙን ይል ጀመር። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልጀምረው?»

ፓምፑን ከጠረጴዛቸው መሳቢያ አወጡት። በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ዝገት እንዳይበላው ዘይት ተቀብቷል። በሰረቁበት እሁድ ወንዝ ውስጥ ሊጥሉት ድልድዩ ላይ ቆመው ነበር። አልሆነላቸውም።

«ኦሪጅናል ነው» አሉ። «እንዴት ይጣላል?»

የሰው ስም ጥለው ብረት መጣል አቃታቸው።

ፓምፑ በዚያው ቀን ተከፈተ። ጎሚኒው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ባለመኪናዋ በጣቷ ነካችው፣ እጇን አልጠረገችም። «እኔ ነኝ የምነግራቸው» ብላ ወጣች።

ቲኬት መቁረጫዋ መስኮት ሥር ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አባቷ ቁልፍ ማቀበላቸውንም አልደበቀችም። ሽማግሌው እስክትጨርስ አዳመጡ።

«ታዲያ እኔ ምን ረሳሁ?»

«ምንም» አለች። «ምንም አልረሱም ነበር፣ ጋሼ ሐኪሙ። ይቅር ይበሉኝ።»

ስማቸውን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ምነው በነገረኝ» አሉ ስለ ወዳጃቸው። «ተቆጥቼ፣ ሰድቤው፣ መልሼ እሠራለት ነበር።»

ከወር በኋላ መኪናዋ ተሠርታ አለቀች። ባለመኪናዋ በቀጥታ ወደ እሳቸው ነዳቻት። ድሮ ሁለት መንገድ ርቃ እያለች በድምፅዋ ይለዩዋት ነበር። አሁን ድምፅ ስለሌላት አጠገባቸው እስክትቆም አላወቁም።

«ፍሬኑን ይዩልኝ» አለች ኮፈኑን ከፍታ።

ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩ። ሥራው ጥሩ ነው አሉ። ነገር ግን ቡሎኖቹ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ ይኼ ልክ አይደለም። በልማድ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፣ ቀለሟንና ብሩሿን ፈለጉ። በእጃቸው የወጣው የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ነበር። እሱን አዩት። ያን ጊዜ፣ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለቀሱ።