የሰልዋ ቤተ ጸሎት ሠዓሊ

በዛልማር መንግሥት፣ ምድሪቱ ከባሕሩ ዝቅ ብላ በምትተኛበት አገር፣ አንድ ማለዳ ባሕሩ ከሚያግደው ግንብ ርቆ ሸሸ። ዓሣዎች በጭቃው ላይ እየተንፈራገጡ ቀሩ። ሽማግሌዎች ምልክቱን ያውቁት ነበርና ልብሳቸውን ቀደዱ፤ የባሕሩ ዘንዶ ኡርጋሞን ነቅቶ ውኃውን ወደ ሆዱ እየሳበ ነው። የሳበውን የተፋ ቀን ዛልማር ትሰጥማለች።

ዘንዶውን አስተኝቶት የኖረው በሰልዋ ደሴት ያለው ጥንታዊ ቤተ ጸሎት ነበር። የቤተ ጸሎቱ ኃይል ደግሞ የሚጸናው እውነተኛ ሥዕሉ በዓለም እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በዙፋኑ አዳራሽ ተሰቅሎ የኖረውን ያን ሥዕል ግን ባለፈው ክረምት የተነሣ ቃጠሎ በልቶት ነበር።

ንግሥት ኢልማራ ሠዓሊዎቿን ሰብስባ ሰልዋ ሄዶ ቤተ ጸሎቱን ዳግም የሚስል ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሁሉም አንገታቸውን ሲደፉ ናርዳ የተባለች ወጣት ወደ ፊት ወጣች። ናርዳ የሰው ፊት መሳል አይሆንላትም፤ ይሳቅባት ነበር። ሕንፃ ስትስል ግን ድንጋዩ ይከብዳል፣ ጥላው ይቀዘቅዛል።

«ግርማዊት ሆይ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለች። «በእጄና በብሩሼ እምላለሁ፤ ሥዕሉ ሳያልቅ ከሰልዋ አልወጣም!»

የሟች አባቷ ወዳጅ ኦርማን፣ በጦር ሜዳ ያረጀ ሰው፣ ጋሻውን አንሥቶ ከጎኗ ቆመ።

«ጋሼ ኦርማን፣ ጉልበትዎን ያምዎታል እኮ።»

«የምቀዝፈው በክንዴ ነው ልጄ። ይልቅ ሸራሽን ያዢ።»

በቀረችው ጠባብ ውኃ ቀዝፈው ደሴቲቱ ደረሱ። ናርዳ ወደ ውስጥ ስትገባ ፍርሃቷን ረሳች። ቀጫጭን ዓምዶች ወደ ላይ ተመዝዘው፣ ጫፋቸው ሾጥጦ በሚገናኝ ቅስት ተቃቅፈዋል። በረጃጅም መስኮቶች ባለቀለም መስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ ነጩን ወለል ቀይና ሰማያዊ አልብሶታል። ሸራዋን ዘርግታ መሳል ጀመረች። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ዓምዱ አለቀ፣ ቅስቱም አለቀ። የመስታወቱ ብርሃን ግን በየትኛውም ቀለም አልመጣ አለ። በዚህ መካከል ኡርጋሞን ከባሕር ወጥቶ የቤተ ጸሎቱን በር በጭንቅላቱ መታው። ኦርማን በሩን ከውስጥ በጋሻው ደገፈው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ያቆዩት!»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?» ሲል ጮኸ፣ እግሩ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ።

የዛልማር ሠዓሊዎች ሁሉ የሚያውቁት፣ ማንም ግን የማይደፍረው ጥበብ ነበር፤ ሠዓሊ ዓይኑ የሚያየውን ቀለም ለሥዕሉ መስጠት ይችላል፤ የሰጠውን ግን ዳግመኛ አያየውም። ናርዳ መስኮቱን ጠግባ አየችው። ከዚያ መዳፎቿን በዓይኖቿ ላይ፣ ቀጥሎም በሸራው ላይ አሳረፈች። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ወርቃማው ከጣቶቿ ፈሰሰ።

ዘንዶው አንዴ አጓርቶ ወደ ጥልቁ ሰጠመ። ባሕሩም በቀስታ ወደ ስፍራው ተመለሰ።

ኦርማን የተሰበረ ጋሻውን ጥሎ ወደ እርሷ ሲመጣ ዓለም ሁሉ አመድ መስሎ ታያት። ቀለም ማየት እንደ ተሳናት ስትነግረው አለቀሰ።

«አያልቅሱ ጋሼ። ብርሃንና ጥላው ቀርቶልኛል፤ አገራችንም ተርፋለች።»

ወጥተው ፀሐይ ባሞቀው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ባሕሩ ዛሬ ምን ይመስላል?» አለችው።

«ሰማያዊ ነው» አለ ኦርማን። ቀጥሎ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ተመለከተ። «አይ... ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው። መሐሉ ላይ ደግሞ... ቆይ እስቲ፣ እስከ ዛሬ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።»

ናርዳ ሳቀች፤ ጀርባዋን በቤተ ጸሎቱ ግድግዳ አስደግፋ እስኪነግራት ጠበቀችው።