ግማሽ ድምፅ

ኡርሱላ ከቴአትር ቤቱ ሰገነት ወድቃ ወንበሮቹ መካከል ሞታ ተገኘች። የሰገነቱ አጥር ደረት ስለሚደርስ አደጋ ነው ያለ የለም። ጀርመናዊቷ ኡርሱላ በወጣትነቷ የታወቀች የኦፔራ ዘፋኝ ነበረች። ድምጿ ሲጠፋ አዘጋጅ ሆነች፤ እዚህ ኧርቪንግ ከተማም የስደተኛ ሐበሾችን የሙዚቃ ቴአትር አቋቋመች።

መርማሪ የትምወርቅ ስትደርስ ፖሊሶች የመድረክ ኃላፊውን ናሆምን በካቴና አስረውት ነበር። ሰገነቱ ላይ ሲወጣ የታየው እሱ ነው።

«መብራት አስተካክዬ ወርጃለሁ፣ እትዬ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም። ልጆቼ እንኳ አልመጡም!»

በሕንፃው ውስጥ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ዘፋኟ ስርጉት ናት፤ ኡርሱላ በቅርቡ ዋናውን ሚና ወስዳባታለች።

«መልበሻ ክፍል እየዘፈንኩ ነበር፤» አለች በሻከረ ድምፅ። «ማቲዎስን ይጠይቁት። ጩኸቷን ስሰማ ደንግጬ አቋረጥኩ።»

ፒያኖ ተጫዋቹ ማቲዎስ በዚያን ጊዜ ከመልበሻ ክፍሉ ራቅ ብሎ ኮሪደሩ ላይ ነበር።

«ሰምቻታለሁ፤ ቤቱ እስኪናጋ! እሷ ስትዘፍን፣ ማለቴ፣ ፒያኖዬ ራሱ ያፍራል።»

«ጩኸቱ ሲሰማስ?»

«ቀጥላለች። እኔ ስሮጥ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር።»

«ልምምድ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ትዘፍናለች?»

ማቲዎስ ሳቀ። «አይሞከርም! ልምምድ ላይ ከግማሽ ድምፅ በላይ ያወጣ ሰው ኡርሱላ ዘንድ ቦታ የለውም። የራሷን ድምፅ የጨረሰችው በልምምድ ነዋ!»

የትምወርቅ ሦስቱንም መድረክ ላይ ሰበሰበች።

«ስርጉት፣ አቋረጥኩ ብለሻል። ማቲዎስ ግን ከጩኸቱ በኋላም ዘፈኑን ሰምቷል። ሰው ይደነግጣል፤ የተቀረጸ ድምፅ አይደነግጥም። ልምምድ ላይ በግማሽ ድምፅ ስለምትዘፍኑ፣ የተቀረጸ ሙሉ ዘፈን ያለሽ በሕዝብ ፊት የዘፈንሽው ብቻ ነው። እሱን ከስልክሽ በመልበሻ ክፍሉ ድምፅ ማጉያ ከፍተሽ ወጣሽ። ቤቱን ያናጋው እሱ ነው። በዚህ በሻከረ ጉሮሮሽ እንዴት ትችይዋለሽ? ናሆም ሲወርድ ሰገነቱ ላይ የወጣሽው አንቺ ነሽ።»

ስርጉት አልካደችም። «ዕድሜዬን ሰጠኋት! እንደ ሸንኮራ መጥጣ ተፋችኝ!»

ናሆም ካቴናው ሲፈታለት ቀና ብሎ አያት።

«አልተፋችሽም። የራሷ ድምፅ ሲሄድ የጀመራትን ሻካራነት ካንቺ ሰማች። ‹እኔን ማንም ዝም በይ አላለኝም። እውነቱን ከነገርኳት ተደብቃ ትዘፍናለች፤ ይልቅ ትጥላኝ› አለችኝ። ሚናው ያንቺው ነበር፤ የወሰደችብሽ ጉሮሮሽ እስኪያርፍ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምላኝ ነው፤» አለ ናሆም።

የትምወርቅ ካቴናውን ይዛ ወደ ስርጉት ሄደች።