ያልተለወጠው ቁልፍ

«ልጄ ራሱን አላጠፋም! ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደግሁትን ልጅ ዛሬ እናንተ አታሳውቁኝም!»

«እትዬ አልጋነሽ፣ እኔስ መች ወድጄ አልኩ? ‹በቃኝ፣ ይቅር በሉኝ› ብሎ ለሁላችንም ልኳል።»

«ጽሑፍ ነው እንዴ ልጄን የወለደው?»

ሊያጽናኗት የመጡት አቶ ፈለቀ ባንኮ ጎቲቲ ያለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። የጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ ደግነት ረቡዕ አመሻሽ ላይ በማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አስከሬኑ ከምርመራ ተመልሶ ዲላ እናቱ ቤት የገባው ዛሬ፣ ዓርብ ጠዋት ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ግን ራሱን ያጠፋ ሰው ያለ መዝሙር ይቀበራል ብለው ቆርጠዋል።

ከረቡዕ ጀምሮ አልጋነሽን ደግፋ የያዘቻት ጎረቤቷ ሙሉእመቤት ናት። የሙሉእመቤት ልጅ ጴጥሮስ ከደግነት ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምሯል፤ ጣቢያውም ላይ ቡና እየመዘገበ፣ በኮምፒውተሩም እያገዘው አብሮት ይሠራ ነበር። አሁን ድንኳኑ ውስጥ ለለቀስተኛው ውሃ ያድላል።

ኢንስፔክተር ብዙነሽ አቶ ፈለቀን ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ጥላ ወሰደቻቸው።

«መልእክቱ የተላከው ከደግነት አድራሻ አይደለም። ሰርቨሩ፣ የጣቢያው ዋና ኮምፒውተር፣ ለገበሬዎች ማስታወቂያ ከሚልክበት አድራሻ ነው። የዚያን የይለፍ ቃል ማን ያውቃል?»

«ከደግነት በቀር ማንም። ሰርቨሩ ላይ ባለው የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ፣ ማንም እንዳያነበው ተመስጥሮ ነው የተቀመጠው። እኔ ብከፍተው የማየው ዝብርቅርቅ ፊደል ነው። የሚፈታው ቁልፍ እሱ ላፕቶፕ ላይ ነበር፤ ቅጂው ካዝናዬ ውስጥ፣ በታሸገ ፖስታ።»

«ላፕቶፑ ረቡዕ እዚህ እናቱ ቤት ነበር። ፖስታውን ደግሞ ዛሬ ጠዋት አብረን ነው የቀደድነው።»

«ማኅተሙም ፊርማውም እንዳለ ነበር። አይተዋል።»

«የይለፍ ቃሉ መቼ ተቀየረ?»

«ማክሰኞ ከሰዓት። ምክንያቱን አልነገረኝም።»

ቀጥላ ጴጥሮስን ጠራች።

«ከደግነት ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያወራችሁት መቼ ነው?»

«ሰኞ። ከዚያ በስልክ እንኳ አልተገናኘንም። ረቡዕ ጣቢያ መምጣቱንም አላየሁም።»

«የሰርቨሩን ቃል ታውቃለህ?»

«ከየት አባቴ? እኔም እንደ ሰዉ ዝብርቅርቁን ነው የማየው።»

ከዚያ ወደ እናቲቱ ወደ አልጋነሽ ተመለሰች። ብዙነሽ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እስከ መጨረሻው በልቡ ነበርኩ» አለች አልጋነሽ። «ትናንት ጴጥሮስ እያለቀሰ ነገረኝ። ‹እማማ፣ የሰርቨሩን ቃል እንኳ ያደረገው ስምሽንና ቡናውን የተከልሽለትን ዓመት ነው› አለኝ። ሲወለድ ነው እዚያ ኢዲዶ ማሳችን ላይ የተከልኩለት። እናቱን እንዲህ የሚያስብ ልጅ ራሱን ያጠፋል?»

ብዙነሽ እስክሪብቶዋን ቀስ ብላ ከደነች።

«አያጠፋም፣ እማማ።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌዎቹንም ለቀስተኛውንም ሰበሰበች።

«ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ መልእክቱ ከጣቢያው ኮምፒውተር ተላከ» አለች። «በዚያ ሰዓት ጣቢያው ላይ የነበሩት ዘበኛው ሙሐሲን፣ አቶ ፈለቀና ጴጥሮስ ናቸው። ሙሐሲን ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። የአቶ ፈለቀ ፖስታ አልተነካም። የተመሰጠረውን ቃል እኔ ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ቁልፉን አውጥተን ስንፈታው ነው፤ የእናቱ ስምና የቡናው ዓመት ነው። ማክሰኞ ነው የተቀየረው። ጴጥሮስ፣ ከሰኞ ወዲህ ካልተነጋገራችሁ ትናንት ለእማማ የነገርከውን ቃል ከየት አገኘኸው?»

ጴጥሮስ ጆጉን እንደያዘ ቆመ።

«አቶ ፈለቀ እንዳሉኝ ምስጠራውን አምና የሠራችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፤ አንተም ቁልፉን ገልብጠህ አስቀርተሃል። ደግነት ማክሰኞ ቃሉን ለወጠ፤ ቁልፉን ግን አልለወጠም። ይህን እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ልጅ አይስተውም። ቁልፉን ለመለወጥ አቶ ፈለቀ ፊት ፖስታውን መቅደድ፣ ምክንያቱንም መናገር ነበረበት። ስምህን ማንሳት ነበረበት፤ አንተን ላለማጋለጥ ተወው።»

«ከሌላ ቦታ የመጣ ርካሽ ቡና በውድ የሚሸጠው የኢዲዶ ነው ብዬ እመዘግብ ነበር» አለ ጴጥሮስ፣ ማንንም ሳያይ። «ደረሰበት። ረቡዕ መጣና ‹እስከ ቅዳሜ ራስህ ንገራቸው፣ እኔ አልናገርም› አለኝ። አፈርኩ። ገፋሁት። ጭንቅላቱን የገንዳው ጠርዝ መታው።»

«ስትገፋው ጮኸ?» አለች አልጋነሽ።

«ስሜን ጠራ።»

«አንተስ?»

ጆጉ ጴጥሮስ እጅ ላይ አዘመመ፤ ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ። ከብዙነሽ ጋር የመጡት ፖሊሶች ጆጉን ከእጁ ተቀብለው እሱን ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ ድንኳኑ ተናወጠ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ትልቁ ተነሥተው «መዘምራኑ ይጠሩ» አሉ። አንዱ ወደ ሞተር ብስክሌቱ ሮጠ። ሴቶቹ አልጋነሽን ከበቧት፤ ሳጥኑን ለማንሳት ወንዶቹ አግዳሚውን ገፉት፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይናገራል።

የጴጥሮስ እናት ሙሉእመቤት የአልጋነሽን ነጠላ ከመሬት አነሣች፤ አቧራውን አራግፋ ትከሻዋ ላይ መለሰችላት። ከጆጉ የፈሰሰውን ውሃ ዞራ አለፈች፤ ከዚያ በጓሮው በር፣ በእንሰቱ መካከል ወጥታ ሄደች።