አፏ ተዘግቶ ነበር

ማመን የማይፈልግ አይመን። እኔም ባላየው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሆኗል... በዓይኔ አይቻለሁ፣ በገዛ እጄም ቀርጬዋለሁ።

ቀኑ እሁድ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሩብ። ቦታው ሞጣ፣ ከገበያው ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ አዳራሽ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን ሞልታው ነበር።

እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ብቸና ተመድቤ ፊዚክስ ሳስተምር አራተኛ ዓመቴ ነው። እዚያ እኛ ጴንጤዎች ጥቂት ነን። የምንሰበሰበው እትዬ ፈንታነሽ ሳሎን ውስጥ ነው። እሳቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው።

እሳቸው ቤት አንዲት ሴት በጸሎት መሀል ብትወድቅ ጩኸት የለም። ሁለት እህቶች ደግፈው ወደ ጓዳ ያስገቧታል። ጋቢ ያለብሷታል። በሩ ይዘጋል። የቀረነው ሳሎን ሆነን ቀስ ብለን እንዘምራለን።

አንድ ቀን «የመንፈሱን ስም ለምን አይጠይቁትም?» አልኳቸው።

«የልጅቷን ስም እጠይቃለሁ። የሌላው ስም ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ።

በዚያ እሁድ የሞጣ ወንድሞች እንግዳ አገልጋይ ጠርተው ነበር። ስጦታው ይባላል። ከሩቅ የመጣ፣ ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል ያለው ሰው ነው። እኔና እትዬ ፈንታነሽ ከብቸና አብረን ሄድን። ስልክህ ጥሩ ነው ተብሎ ቀረጻው ለእኔ ተሰጠኝ።

ደስ ብሎኝ ነበር። አልደብቅም።

ስርጉት የምትባል ልጅ ለጸሎት ወጣች። ልብስ ሰፊ ናት። ጌታን ከተቀበለች ሦስት ወር ቢሆናት ነው። እንቅልፍ እምቢ ካላት ሰንብቷል፤ የመጣችው ለዚያ ብቻ ነበር።

ስጦታው እጁን ግንባሯ ላይ ሲያደርግ... ወደቀች።

ቀሚሷ እስከ ጭኗ ተገለበ። አንዲት እህት ልትሸፍናት ጎንበስ ስትል ስጦታው በክንዱ መለሳት።

«ማንም አይንካት» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «ጠጋ በል። ፊቷን ያዝ።»

ተጠጋሁ።

ማስመለስ ጀመረች። ቢጫ ውሃ በአገጯ ወርዶ አንገቷ ሥር ተጠራቀመ። የኮመጠጠ፣ ሙቅ ሽታ ነበረው። ስጦታው ማይኩን እዚያው ትውከቱ ላይ አስነክቶ ወደ ከንፈሯ አስጠጋው። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከኋላ አንድ ሰው ይስቃል።

እኔስ?

በሁለት ጣቴ ምስሉን አጎላሁት።

«ተናገር» አለ ስጦታው። «ምን አደረግህባት?»

ድምፁ መጣ...

የሚያስፈራ ድምፅ ጠብቄ ነበር። አልነበረም። ቀጭን ነው፣ ለስላሳ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

«በሆዷ የነበረውን እኔ ነኝ የወሰድኩት... ለማንም አልነገረችም።»



ከዚያ እልል ተባለ። ሕዝቡ ልጅ እንደሞተባት ሰምቶ እልል አለ።

የዚያን ጊዜ ዓይኗን አየሁት። ነቅታለች። ሁሉንም ትሰማለች። እንባዋ በጎን ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። ስልኬን እያየች ራሷን በትንሹ ነቀነቀች...

አይሆንም። አይሆንም።

እኔ ግን መቅረጼን አላቆምኩም።

ያቆመኝ የእትዬ ፈንታነሽ እጅ ነው። መጥተው መዳፋቸውን ካሜራው ላይ ጣሉበት።

«አጥፋው ልጄ።»

ነጠላቸውን አውልቀው ከወገቧ በታች ሸፈኗት።

«እናቴ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ አይከልክሉ» አለ ስጦታው።

«ጭኗን መሸፈን የእግዚአብሔርን ሥራ አይከለክልም» አሉት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ከሁለት እህቶች ጋር ደግፈው ወደ ጀርባው ክፍል አስገቧት። እኔ ለብ ያለ ውሃ በጆግ አምጥቼ በሩ ላይ አቀበልኩና ውጭ ቆምኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ይሰማኛል።

«ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?»

«...ስርጉት።»

«ስርጉት፣ አፍሽን ልጥረግልሽ። ጸሎቱ አንቺ ስትፈቅጂ ነው። ሐኪም ጋም አብረን እንሄዳለን። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።»

 ከዚያ ሹክሹክታዋን ሰማሁ።

«እትዬ... እኔ አልተናገርኩም።»

«አውቃለሁ።»

«አይ... ጊዜውን በሙሉ አፌን ዘግቼ ነበር።»

ስድስት ሰዓት ገደማ ስጦታው ግቢው ውስጥ ያዘኝ። ሸሚዙን ቀይሯል፣ ሽቶ ተቀብቷል። «ቪዲዮውን ላክልኝ። ዛሬውኑ ይለቀቃል» አለኝ።

«ትንሽ ልየው» ብዬ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ማዳመጫ ሰካሁ።

ስርጉት ወለሉ ላይ ናት። ማይኩ ከንፈሯ ላይ ነው። ድምፁ ይናገራል... «በሆዷ የነበረውን...»

አፏ ተዘግቷል።

ጥርሷን ነክሳለች። ከንፈሯ ነጭ እስኪሆን ገጥሟል።

መለስ አድርጌ አየሁት። ማይኩን ይዞ ጎንበስ ያለውን የስጦታውንም አፍ አጉልቼ አየሁ። እሱም አልተናገረም። ድምፁ ግን አለ። ከማይኩ የወጣ አይመስልም... ካሜራውን ከያዘው ሰው ጎን፣ ከእኔ ጆሮ ሥር ነበር።

 ዛፉን ይዤ አስመለስኩ።

እትዬ ፈንታነሽ ወጥተው አገኙኝ። አሳየኋቸው። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ትንሽ አቆይተው መለሱልኝ።

«ማነው?» አልኳቸው።

«አላውቅም። ማወቅም አያስፈልገኝም። ይቺ ልጅ ነገ በዚህ ከተማ በሰው ፊት ትሄዳለች... ደምስሰው።»

ደመሰስኩት። ስጦታው ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምስክርነት አጠፋህ» ብሎ ትከሻዬን ገፍቶ አለፈ።

ስርጉት አሁን ደህና ናት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ብቸና ትመጣለች። ከሐኪም ጋር ትነጋገራለች፣ ከእትዬ ፈንታነሽ ጋር በሩን ዘግተው ይጸልያሉ። ልጇን አልቅሳለታለች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ወዲያው አልመለሰችልኝም። በሦስተኛው ጊዜ «እሺ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር...

ከአራት ወር በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ለምሳ ደጀን ቆመ። ሰባት ሰዓት ነው። ምግብ ቤቱ በሾፌርና በተሳፋሪ ተሞልቷል።

ጥግ ላይ ስጦታው ብቻውን ተቀምጧል።

ከስቷል። ፊት ለፊቱ ያለው ሽሮ ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቷል። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ አድርጎ አንድ ነገር ይስባል... ቀስ እያለ።

ፀጉር ነው።

ረጅም፣ ጥቁር፣ በምራቅ የራሰ። ይስበዋል፣ ይመጣል። ይስበዋል... ይመጣል። የሳበውን ከጉልበቱ ወደ ወለሉ ይለቀዋል። አያቅለሸልሸውም። አያስለውም። ማንም የሌለበት ቤት እንደተቀመጠ ሰው መስኮቱን ያያል።

«ወንድም ስጦታው...» አልኩ በሹክሹክታ።

አልዞረም።

ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ። አንድ ልጅ እግር ሾፌር እየሳቀ ስልኩን አንስቶ ወደ እሱ አነጣጠረ።

ሄጄ መሀላቸው ቆምኩ። ጀርባዬን ለስጦታው ሰጥቼ ጃኬቴን ከፍቼ ከለልኩት።

«ምን ሆነሃል?» አለኝ ሾፌሩ።

«አትቅረጸው» አልኩት። «እባክህ።»

ስልኩን አወረደ።

ከጀርባዬ እርጥብ ነገር ሲጎተት ይሰማኛል። አላቋረጠም። እንዳላይ ጸለይኩ... ግን አየሁ።

ፀጉሩ ማንም ሳይጎትተው ጫማዬን አልፎ ወደ በሩ እየሄደ ነበር።