ከቦታው የተነሳው መስመር

ፈሪድ የሞተው ድሪሉን እንደያዘ ነው። አዳማ ውስጥ፣ በአሰላ መንገድ በኩል በሚሠራ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ለውሃ ቱቦ ግድግዳ ሲበሳ የኤሌክትሪክ ገመድ አገኘ። ምድር ቤት ያሉት ሱቆች ሥራ ስለጀመሩ መብራት አልተቋረጠም ነበር።

ኢንስፔክተር ሸዋወርቅ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቷል። የሟቹ ታብሌት ግን መስኮቱ ሥር እንደበራ ነው። አንስታ ተመለከተችው። የሕንፃው ሥዕል ተከፍቶበታል፤ ፈሪድ የበሳው ቦታ ሥዕሉ ላይ ባዶ ነው፤ ገመዱ የተሣለው ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ግራ ርቆ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰብስቤ ቀድሞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«መርዳሳን ይጠይቁት፤ የኤሌክትሪኩን መሐንዲስ። ትናንት ከፈሪድ ጋር ሲጯጯሁ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል።»

«ሥዕሉን ማን ማን ይነካዋል?»

«እሱና አርክቴክቷ ናቸው። እኔ የሚሣልበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም መክፈት እንኳ አላውቅበትም።»

መርዳሳን ቢሮ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«የቧንቧ ሥራዬ ባንተ ዘገየ፣ አፍጥን ይለኛል፤ እኔ ሰው የለኝም። በቃ ይኸው ነው።»

«ገመዱን በየት ነው ያሳለፍከው?»

ኮምፒውተሩን ከፈተላት። በእሱ ሥዕል ላይ ገመዱ ያለው ልክ ፈሪድ የበሳበት ቦታ ነው።

«በፕላኑ ወደ ግራ ነበር የሚያልፈው። እዚያ ብረት በዛብኝና ኮንክሪቱ ሳይሞላ አዞርኩት። ሥዕሌንም ያኔውኑ አስተካክዬ ላክሁ።»

«ማዞርህን ለማን ነገርክ?»

«ሥዕሉን ያዩታል ብዬ ነው» አለ።

አርክቴክቷ ሱሃይላ የፈሪድ እጮኛ ናት፤ ከመጪው ኢድ በኋላ ሊጋቡ ነበር። ዓይኗ አብጧል፤ ቢሆንም የተጠየቀችውን ሁሉ በሥርዓት መለሰች።

«የእኔና የመርዳሳ ፕሮግራም ይለያያል። የሁለቱ መነሻ ነጥብ ካልገጠመ አንዱ ሥዕል ሌላው ላይ ሲቀመጥ ይሸሻል። እኔ አገጣጥሜ ለፈሪድ እልክለታለሁ።»

«ምኑ ነው የሚሸሸው?»

«ሁሉም። አንድ ላይ ነው የሚሄደው።»

ሸዋወርቅ አመስግናት ታብሌቱን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ከክፍል ክፍል እየዞረች ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ሶኬቱን፣ የመብራት ቀዳዳውን ከሥዕሉ ጋር አስተያየች። ጨርሳ ስትቆም ፊቷ ጠቁሯል። ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

«እኔ ልንገርዎ፣ የማሽን ስህተት ነው» አለ ሰብስቤ ገና ከደረጃው ሳይወጣ። «ፕሮግራሞቹ አልተገጣጠሙም!»

«እንደዚያ ቢሆን ሁሉም ይሸሽ ነበር። አንድ በአንድ አየሁት፤ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። የሸሸው ይህ ገመድ ብቻ ነው። አንዱን ለይቶ የሚያነሳ የሰው እጅ ነው።»

ሁሉም መርዳሳን አዩት።

«እሱ አይደለም» አለች ሸዋወርቅ። «የእሱ ሥዕል እውነቱን ነው የያዘው። ለፈሪድ የደረሰው ግን የተነካው ነው። ስለዚህ የተነካው በመሃል ነው፤ አቶ ሰብስቤም ፕሮግራሙን አያውቁበትም።» ከዚህ በላይ መቀጠል ከበዳት።

«ሁሉም ገጥሞልኝ ነበር» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ሱሃይላ ናት፤ ግድግዳውን እያየች ነው የምትናገረው። «አንድ መስመር ብቻ ከፕላኑ ጋር አልሄድ አለኝ። ሳገጣጥም የተንሸራተተ መሰለኝ። ፈሪድን እንዳያሳስተው ብዬ... በእጄ መለስኩት።»

«ደውዬ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» አለ መርዳሳ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እሰሩኝ» አለች ሱሃይላ።

ሸዋወርቅ ደረጃውን ስትወጣ ጥፋተኛው ሰብስቤ እንዲሆን በልቧ ተመኝታ ነበር፤ ቢያንስ የምትቆጣው ሰው ይኖራት ነበር።

«ቃልሽን ተቀብዬ ለዐቃቤ ሕግ አቀርባለሁ፣ እህቴ። እኔ ከዚህ በላይ የማደርግልሽ ነገር የለም። የማደርግብሽም።»

የሱሃይላ ስልክ ጠራ። አውጥታ ስሙን አየች።

«የፈሪድ እናት ናቸው፤ እማማ ዙለይካ። ከሻሸመኔ እየመጡ ነው። ተጎድቷል ብቻ ነው የተባሉት።» ስልኩን ወደ ኢንስፔክተሯ ዘረጋች። «ምን ልበላቸው?»

ሸዋወርቅ እጇን አልዘረጋችም። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ወዲያው እንደገና መጥራት ጀመረ።