ቁልቁለቱ ላይ የጠፋው ሞተር

አንድ ጥያቄ ለዓመታት ይዤ ኖሬአለሁ። እናቴን የወሰዳት መንፈስ ነው ወይስ ዲናሞ? አትሳቁ። ቀረብ በሉና ስሙኝ፤ ጮክ ብዬ ማውራት አልችልም።

ጊዜው ልክ እንዳሁኑ ጨረቃ የሌለበት ምሽት ነው። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ከታች ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ወዲያ ዳገት። ቤት የለም። ሰው የለም። በዚያ መንገድ ተምትሜ የሚባል ሹፌር አሮጌ ፒካፑን ይነዳል። አጠገቡ ሚስቱ ይታክቱ ምጥ ይዟታል። ጤና ጣቢያው ከዳገቱ በላይ ነው።

ያ መኪና በየጠዋቱ አልነሳም ይል ነበር። ተምትሜ በባትሪው አሳበበና አዲስ ገዛ። በሳምንቱ አዲሱም ሞተ። ጎረቤቱ መካኒኩ ጋሽ ላቀው፣ ሞተሩን አስነስተህ የባትሪውን ቮልት ለካ፣ ወደ አስራ አራት ካልወጣ ዲናሞው እየሞላው አይደለም ብሎ መከረው። መለኪያውንም ሊያውሰው ነበር።

"ባትሪ ከምትለዋውጥ አህያ ግዛ፤ አህያ ዲናሞ የላትም" አለው።

ተምትሜ ተናደደ። መለኪያውን ሳይወስድ ሄደ፤ ባትሪውን አስሞልቶ ገጠመው። እናንተ ብትሆኑ ትለኩ ነበር?

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ የፊት መብራቱ ደበዘዘ። በመብራቱ ዳር ነጭ ነገር ታየው። ድንጋይ ነው አለ። ከዚያ የሹፌሮችን ልማድ አደረገ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ ተንሸራተተ። መብራቱ ይበልጥ ደበዘዘ። ነጩ ነገር ቀረበ። ነጠላ ነው። እጅ አለው፤ እጁ ሆድ ይዟል። ሴት ናት።

"አንቺ፣ ትታይሻለች?" አላት ሚስቱን።

ይታክቱ ሆዷን ይዛ ታቃስታለች።

ድልድዩ ላይ ሴትየዋ መሃል መንገድ ቆመች። ተምትሜ ፍሬን ያዘ። መኪናው ቆመ። ቁልፉን አዞረ፤ ቀጭ። ደግሞ አዞረ፤ ቀጭ። ወርዶ ገፋ። ወደፊትም ዳገት፣ ወደኋላም ዳገት፤ ብቻውን ገፍቶ የት ያድርሰው? ጮኸ። ማን ይስማው? እስኪደክመው ገፋ፣ እስኪደክመው ጮኸ። መብራቱ ፍም አከለ። በዚያ ፍም የሴትየዋን ፊት አየ። የይታክቱ ፊት ነው።

ሮጦ ገባ። ይታክቱ ወንበሩ ላይ ቀዝቅዛለች። እቅፏ ውስጥ ልጅ ታለቅሳለች። መብራቱ ጠፋ። መስኮቱ ከውጭ ተንኳኳ፤ የይታክቱ ድምፅ ነው።

"ሞተሩን ለምን አጠፋኸው?"

ልጅቷ እኔ ነኝ። አባቴ እስኪሞት ድረስ መስኮት ሲንኳኳ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንፈስ ገደላት ይል ነበር፤ ዲናሞውን አንድም ቀን አላነሳም። እኔ ግን መለኪያ ገዛሁ።

ዛሬ በዚያ መንገድ ላደርሳችሁ ስዘጋጅ፣ ሞተር አስነስቼ ለካሁ። አስራ ሁለት ይላል። እያየሁት ደግሞ ወረደ። ስለዚህ ማንም አይሄድም፤ ዲናሞው ሳይሠራ መኪናዬ ከዚህ ግቢ አይወጣም።

ሰማችሁ? መስኮቱ ነው። ቁጭ በሉ፣ አትነሱ። ዛሬ እኔ እከፍትላታለሁ።